የትምህርት ቤት ሠራተኞች በጎ ፈቃድ በደሴ፦ የአረጋውያን ቤት በክረምት ይጠገናል ወይስ ሌላ ሥራ ይሻላል?

ጥያቄ፦ መምህርት ከሰኞ ገበያ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የበጎ ፈቃድ ኮሚቴውን እንዳስተባብር ተመርጫለሁ። መምህሩ፣ ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ ቢሮው ሲደመር ወደ 50 ሰው ነን። ካርድ ከተሰጠ በኋላ፣ ክረምቱ ሳያልፍ፣ ለሰፈሩ ሰው የሚጠቅም አንድ ሥራ እንሥራ የሚለው በሠራተኛ ስብሰባ ጸድቆ ቃለ ጉባኤ ተይዟል። ምን ይሠራ የሚለው ግን አላግባባንም።

ገሚሱ የሁለት አቅመ ደካማ አረጋውያን ቤት እንጠግን ይላል። አንደኛው የአንዲት እናት፣ 4 በ5 ሜትር የሆነ የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ዝጎ ያፈሳል፣ የጓሮው ግድግዳ ከታች ተቦርቡሯል። ሌላው ገሚስ እኛ የምናውቀው ማስተማር ስለሆነ ነጻ ማጠናከሪያ እንስጥ ባይ ነው። ችግኝ ያለም አለ። የድጋፍ ሠራተኞቻችን ምንም አላሉም፤ እሱም ያሳስበኛል።

የቤት ጥገናው በሐምሌ ይሆናል ወይ? ለዚህ ልክ ቤት ምን ያህል ቆርቆሮና እንጨት ይበቃል? ከቀበሌውና ከቅሬው (ከእድሩ) ጋር ንግግሩ እንዴት ነው የሚጀመረው? ገንዘቡስ በማን እጅ ይሁን? አሁን ሚያዝያ ላይ ነን፣ ጊዜ አለን።


መልስ 1፦ ባለውሃልክ

አብሽሪ መምህርት፣ ሥራው ይቻላል፤ በሐምሌ ግን ጭቃ አይመረግም። ደሴ ላይ ዋናው ዝናብ ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ሐምሌና ነሐሴን ይዞ ነው የሚወርደው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለ ዝናቡ ባባራ ቀን እንኳ ጉሙና ብርዱ ግድግዳ አያደርቅም። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ልስን ከተጨመረበት ውስጡ ይሻግታል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፤ መስከረም ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ላይኛው እንደ ቅርፊት ተልጦ ይወድቃል። በክረምት ዘመቻ የታደሱ ቤቶች ብዙዎቹ በዓመቱ የሚበላሹት በዚህ ነው። በዚያ ላይ የጤፍ ጭድ በክረምት ውድ ነው፤ አዝመራው ከተወቃ በኋላ፣ ከኅዳር ወዲህ፣ በየቦታው አለ።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። ጣሪያውንና የውሃ መውረጃውን ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ጨርሱ። ግድግዳውን ለጥቅምትና ለኅዳር አቆዩት። በመሃሉ የጓሮውን ግድግዳ ከውጭ በላስቲክ ሸፍኑትና አሮጌው ቆርቆሮ ሲነሳ ደህና ደህናውን መርጣችሁ ከግርጌው ተደግፎ እንዲቆም አድርጉ። ዝናቡ እየፈነጠቀ ግድግዳውን የሚበላው ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ባለው ክፍል ነው።

የጣሪያው ስሌት ይኸውና። 4 በ5 ሜትር ቤት፣ ሁለት ተዳፋት፣ ክፈፉ በየአቅጣጫው 50 ሴንቲሜትር ይውጣ። ቁንጮው ከአግዳሚው (ግድግዳው አናት ላይ ከሚተኛው እንጨት) 1 ሜትር ከፍ ካለ የአንዱ ተዳፋት ርዝመት ወደ 2.80 ሜትር ይመጣል፣ የጣሪያው አግድም ርዝመት 6 ሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው የተለመደው ቆርቆሮ 90 ሴንቲሜትር በ2 ሜትር ነው። ጎን ለጎን አንድ ተኩል ሞገድ ሲደራረብ የሚሸፍነው 78 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ ለ6 ሜትር 8 ረድፍ ያስፈልጋል። ወደ ታች አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ፣ 20 ሴንቲሜትር ተደራርቦ፣ በትክክል 2.80 ይሆናል። በአንድ ተዳፋት 12፣ በሁለቱ 24 ቆርቆሮ ማለት ነው። አንድ መጠባበቂያ ጨምሩ። ለቁንጮው መክደኛ 2 ሜትር የሆነ 4 ፍሬ። ወራጁ (ከቁንጮው ወደ ታች የሚወርደው እንጨት) በየ1 ሜትሩ ከሆነ 6 ጥንድ፣ ማለትም 3 ሜትር የሆነ 12 እንጨት። የጣሪያው ማገር (ቆርቆሮው የሚመታበት አግድም እንጨት) ከ70 ሴንቲሜትር በላይ እንዳይራራቅ በእያንዳንዱ ተዳፋት 5 መስመር፣ በድምሩ 60 ሜትር። የቆርቆሮ ሚስማር ከነጎማው 300 ያህል በቂ ነው።

ቆርቆሮ ስትገዙ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ እንደሚቀንስ አትርሱ። 35 ቁጥር በዋጋው ያማልላል፤ አንድ ሰው ሲረግጠው ግን ይጎደጉዳል። ቢያንስ 32 ይሁን። ሚስማሩ የሚመታው ከፍ ባለው ሞገድ ላይ ነው። ዝቅ ባለው ላይ የተመታ ሚስማር ውሃ መግቢያ ቀዳዳ ነው፤ ልምድ የሌለው ሰው ዘወትር እዚያ ይመታዋል፣ ቆርቆሮው ማገሩን የሚነካው እዚያ ስለሆነ ይቀለዋል። መደርደር የሚጀመረው ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጫፍ ነው፤ መደራረቢያው አፉን ለነፋስ እንዳይከፍት። ወራጁን ከአግዳሚው ጋር በሚስማር ብቻ አትተዉት፣ በጥቁር ሽቦ እጥፍ አድርጋችሁ እሰሩት።

ይህን ሁሉ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቋሚዎቹን ፈትሹ። ከእያንዳንዱ ቋሚ ግርጌ አፈሩን ጠረግ አድርጎ በሹል ብረት መውጋት ነው። ብረቱ ያለ ግፊት ሁለት ጣት ያህል ከገባ እንጨቱ አልቋል። በበሰበሰ ቋሚ ላይ አዲስ ጣሪያ መጫን ቤቱን በሰዎቹ ላይ መጣል ነው። የሚለወጥ ካለ አንድ በአንድ፣ ጣሪያው በድጋፍ ተይዞ ይለወጥ። አዲሱ የባሕር ዛፍ የደረቀ ይሁን፤ መሬት የሚገባው 60 ሴንቲሜትር በእሳት ይለብለብ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይጠጣ።

ግድግዳው በጥቅምት፦ ጥቁር የዋልካ አፈር አይሆንም፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቀይ አፈር ፈልጉ። ለ3 ባሬላ አፈር 1 ባሬላ የተረገጠ ጭድ። ተቦክቶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይደር፤ በየሁለት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ ይረገጥ። ሽታው ሲለወጥና ጭዱ ሲለሰልስ ደርሷል። ምርጊቱ ከሁለቱም ወገን ይገባል፤ ከዚያ ተሰንጥቆ እስኪጨርስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠበቃል፣ ልስኑ በቀጭኑ ይከተላል። ከግርጌው 40 ሴንቲሜትር ያህል በድንጋይ ካልተነሳ ግን ልፋቱ ሁሉ ለሁለት ክረምት ነው።

ከመምህራን ውስጥ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው አትፈልጉ። አንድ ባለሙያ አናጺ ከረዳቱ ጋር በክፍያ ያዙ፤ እናንተ እንጨት ላጡ፣ አሮጌውን አውርዱ፣ አቀብሉ፣ ቦይ ቆፍሩ። የዛገ ቆርቆሮ በወፍራም ጓንት እንጂ በባዶ እጅ አይነካም። የቆረጠው ሰው ቢኖር የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነገር እዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታይ።


መልስ 2፦ የንብረት ክፍል

መምህርት፣ ባለውሃልክ ስለ ቤቱ የሚባለውን ብሎታል። እኔ ስለ ወረቀቱ ልጻፍልዎ።

የተገዛም ሆነ በእርዳታ የመጣ ቆርቆሮ በትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት አያሳድሩ። ንብረት ክፍሉ ከተቀበለው በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ማድረጉ ግዴታው ነው፤ በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ደግሞ የመንግሥት ንብረት ነው። ለግለሰብ ቤት በሞዴል 22 ወጪ አድርግ ቢባል የሚፈርም ኃላፊ አያገኙም፣ ቢያገኙም ኦዲተር ይጠይቀዋል። ቆርቆሮው ክረምቱን መጋዘን ይከርማል፣ አሮጊቷ ዝናብ ይወርድባቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዕቃው በቀጥታ ወደ ቅሬው ይግባ፣ በቅሬው መዝገብ ይመዝገብ፣ የቅሬው ዳኛ (ሰብሳቢው)፣ የእናንተ ኮሚቴ አባልና የቤቱ ባለቤት ሦስቱ ይፈርሙ። ቅሬው ድንኳንና ወንበር የሚያስቀምጥበት ቤት ካለው ቦታም አይቸግርም።

መዋጮም እንዲሁ ነው። በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ አይግባ። ከደመወዝ ይቆረጥ ከተባለ እያንዳንዱ ሰው መጠኑን በራሱ እጅ ጽፎ ይፈርም፤ በስብሰባ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ የፔሮል ሠራተኛው እንዲቆርጥ ማዘዝ አይበቃም። ያልፈረመ አይቆረጥበትም፣ ስሙም ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም።

የድጋፍ ሠራተኞቹ ዝምታ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። የጥበቃና የጽዳት ደመወዝ ከመምህሩ ጋር አይነጻጸርም፤ እኩል አዋጡ ሲባሉ እምቢ ማለት ያሳፍራቸዋል፣ እሺ ማለት ይጎዳቸዋል። ሌሊት ያደረ ጥበቃ ደግሞ ጠዋት ዶማ ያዝ ሊባል አይገባም። የጽዳት ሠራተኞችን በበጎ ፈቃድ ቀንም መጥረግና ቡና ማፍላት ላይ መመደብ የተለመደ ነው፣ ያስቀይማልም። ከእነሱ ውስጥ ግድግዳ መርገው የሚያውቁ፣ አፈሩን በእጃቸው ጨብጠው የሚለዩ አይጠፉም። የጭቃውን ሥራ እነሱ ይምሩት፣ መምህሩ ይታዘዝ።

ሌላው፣ የመገኘት ዝርዝሩ ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዳይሄድ ርእሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ በግልጽ ይናገሩ። ዝርዝሩ የሚያዘው ስንት ዳቦና ስንት ጓንት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ብቻ ነው። ነጥብ የሚያዝበት ሥራ በጎ ፈቃድ አይደለም፤ ሰውም ያንን ስለሚያውቅ ፈርሞ ይሄዳል እንጂ አይሠራም።

አጀማመሩን በተመለከተ፦ መጀመሪያ ቅሬው፣ ቀጥሎ ቀበሌው። የሚጠገንለትን ሰው እናንተ አትምረጡ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጣ ብሎ የሚታየው ቤት ሁልጊዜ የባሰው ቤት አይደለም። በአንዳንድ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው፣ በአንዳንዱ ለየብቻ ነው፤ ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም ጠይቁ፣ ከሁለቱም ተቀበሉ። ከዚያ ለቀበሌው በማኅተም ደብዳቤ ይጻፋል፦ የቤቱ ቁጥር፣ የሚሠራው ነገር በዝርዝር፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን። «እድሳት» ብሎ ማለፍ ያጣላል፤ «የጣሪያ ቆርቆሮ መለወጥ፣ ስፋቱና ቁመቱ ሳይጨመር» ብላችሁ ጻፉ። ግማሽ ሜትር ከጨመራችሁ ሕገወጥ ግንባታ ነው ተብሎ የሚፈርሰው በአረጋውያኑ ላይ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ ዓርብ ከጁምዓ ጋር ይጋጫል። ቅዳሜንም ሰንበት ብለው መሬት የማያስቆፍሩ አባቶች ስላሉ የሰፈሩን ልማድ ከቅሬው ጠይቁ። በሐምሌ ደግሞ 5፣ 7 እና 19 ቀንን ዝለሉ። ምሳው የጾም ይሁን፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ንፍሮ። ሥጋ የሌለበት ማዕድ ላይ የሚጾመውም የማይጾመውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀመጣል፣ የማን ቢላዋ የሚል ጥያቄም አይነሳም።


መልስ 3፦ ሻይ በቦርከና

ከኮምቦልቻ ነኝ። ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር ልቃወም። 50 የትምህርት ቤት ሠራተኛ ባለበት ዋናው ሥራ ቆርቆሮ ሊሆን አይገባም። ቆርቆሮ የትኛውም መሥሪያ ቤት ያለብሳል። ማንበብ ያቃተውን የ5ኛ ክፍል ልጅ ማን ያስነብበዋል? የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። ያ ውጤት 12ኛ ክፍል ላይ የተሠራ አይደለም።

ክረምቱ ለማጠናከሪያ ይሁን፤ የባለውሃልክም ስሌት ቢሆን ሐምሌንና ነሐሴን ባዶ ይተዋቸዋል። አደራረጉ ላይ ግን ብዙ ትምህርት ቤት ይስታል፦ የሚቀጥለውን ዓመት መጽሐፍ ከምዕራፍ አንድ ይጀምራል። የቀደመው ልጅ ይቀድማል፣ የቀረው ይቀራል። መጀመሪያ ቀን ልጆቹን አንድ በአንድ ፈትኑ። የአማርኛ አጭር አንቀጽ ጮክ ብሎ ማንበብና ስለምን እንደሆነ መናገር፤ በሂሳብ ከመደመር እስከ ማካፈል ሁለት ሁለት ጥያቄ። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ከዚያ በክፍላቸው ሳይሆን በደረጃቸው መድቡ፦ ፊደል የሚቀረው፣ ቃል የሚያነብ፣ አንቀጽ የሚያነብ። የ6ኛ ክፍል ልጅ ከ3ኛ ክፍል ልጅ ጋር ላለመቀመጥ ስለሚቀር ለትልልቆቹ የራሳቸውን ክፍል ስጡ። በአንድ ቡድን ከ25 አይብለጥ፤ የፊደሉ ቡድን ከ12።

ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ 36 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ለአንድ መምህር ብቻ ከሰጣችሁት ያቋርጣል። ለአንድ ቡድን ሦስት መምህር ተመድቦ በሳምንት አንድ አንድ ቀን ቢይዝ አይከብድም። የክረምት ኮርስ የሚሄዱትንና አገር ቤት የሚወርዱትን አስቀድማችሁ ቀንሱ፤ ከመምህሩ ግማሹ ቢገኝ ጥሩ ነው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 5፡00 ይሁን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይበረታል፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ የመምህሩ ድምፅ ከሦስተኛ ረድፍ አያልፍም። ግን ሰዓቱን ከመወሰን በፊት ልጆቹ መቼ ቁርአን እንደሚማሩ፣ መቼ ቄስ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ጠይቁ። ሊስትሮ የሚሠሩና ሱቅ የሚጠብቁ ልጆችም አሉ፤ እነሱ ናቸው በጣም የሚያስፈልጋቸው፣ እነሱ ናቸው ቀድመው የሚቀሩት። ለእነሱ የቅዳሜ ወይም የእሑድ ማታ ቡድን ካልተከፈተ ዝርዝሩ የሚሞላው በደህና ቤት ልጆች ነው።

ልጆችን በተመለከተ ደግሞ፦ ወላጅ ይፈርም፣ ትምህርቱ በትምህርት ቤት ግቢ እንጂ በመምህር ቤት አይሁን፣ በግቢው ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ይኑር፣ በሩ ክፍት ይሁን። «ነጻ» ተብሎ ተጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት የወረቀት ገንዘብ መጠየቅም አለ። ጠመኔና የማባዣ ወረቀት ከመጀመሪያው በመዋጮው ውስጥ ይታሰብ።

ሁለተኛ ሐሳብ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፦ ደም። ከለጋሾቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች ስለሆኑ ትምህርት ሲዘጋ የደም ባንክ ክምችት ይቀንሳል። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በሦስት ወር አንዴ መስጠት ይችላል። ደሴ ደም ባንክ አለ፤ 20 ሰው አሰባስባችሁ ቀን ካስያዛችሁ ወደ እናንተ ይምጡ ወይስ እናንተ ትሂዱ የሚለውን ይነግሯችኋል። ደም ለመስጠት ሳይበሉ አይኬድም። ስለዚህ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውን የፍልሰታ ጾም ተዉትና ሐምሌ ላይ አድርጉት።

ለኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች አንድ ልጨምር። እኛ ዘንድ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ስለሚወርድ ጭቃው ከደሴ ቀድሞ ይደርቃል፣ ወባ ግን አለ። ዋናው ወቅቱ ዝናቡ ሲያቆም ነው፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። የወባ ትንኝ የምትራባው ፀሐይ በሚያገኘው የተኛ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው፤ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ የመኪና ጎማ ያጎደጎደው መንገድ፣ የቦርከና ወንዝ ዳር ኩሬ። ከእንቁላል እስከ መብረር ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ትወስዳለችና በወር አንዴ መዝመት ዋጋ የለውም። አሥር ሰው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት እየዞረ የሚደፈነውን ቢደፍን፣ የሚፋሰሰውን ቢያፋስስ፣ 200 ሰው አንድ ቀን ከሚወጣበት ይበልጣል።


መምህርት ከሰኞ ገበያ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። እንግዲያው ጣሪያ በግንቦትና በሰኔ፣ ማጠናከሪያ በሐምሌና በነሐሴ፣ ግድግዳ በጥቅምት ልንል ነው።

ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ሁለተኛው ቤት የኪራይ መሆኑን ዛሬ ሰማሁ። ሴትየዋ የሚኖሩት በግለሰብ ቤት ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ቤት ሲፈታ እናታችን የት ያድራሉ? ሦስተኛ፣ ችግኙን አጥብቀው የያዙት ባልደረቦቻችን ጦሳ ተራራ ግርጌ ላይ አንድ የተሸረሸረ ዳገት አይተዋል፤ እርከን ቆፍረን 1,000 ችግኝ እንትከል ይላሉ። ምን ልበላቸው?


መልስ 4፦ ጦሳ ሥር

ችግኙን ለእኔ ተይው።

መጀመሪያ ዳገቱን ሄዳችሁ እዩ። የደሴ ዙሪያ መሬት የሚንሸራተት መሬት ነው። ከዳገቱ በላይ በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ካለ፣ ያሉት ዛፎች ወደ አንድ ወገን ካዘመሙ፣ ከግርጌው በበጋም ውሃ የሚያለቅስ ከሆነ፣ እዚያ እርከንም ውሃ ማቆሪያም አትቆፍሩ። የቆፈራችሁት ጉድጓድ ውሃውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ አፈሩ ይከብዳል፣ ታች ያለው ሰፈር ላይ ይመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚጠቅመው ውሃው ወደ ዳገቱ ሳይገባ ከላይ በቦይ ተጠልፎ በጎን መውረዱ ነው፤ እሱም የከተማው መሐንዲስ አይቶ የሚወስነው ነው እንጂ የመምህራን ሥራ አይደለም።

ስንጥቅ ከሌለው መልካም። ግን 1,000 አይሁን፣ 200 ይሁን። በየ2.5 ሜትሩ ከተተከለ 200 ችግኝ 1,250 ሜትር ካሬ ይይዛል፤ ይህን 50 ሰው መትከል ብቻ ሳይሆን ማሳደግ ይችላል። ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፦ 40 በ40፣ ጥልቀቱም 40 ሴንቲሜትር። ላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ፣ ታችኛው ለብቻ ይቀመጥ፤ ሲተከል ላይኛው ወደ ሥሩ ይመለስ። በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታት፣ መሬቱ ሲርስ፣ ይተከል። ወደ ነሐሴ መጨረሻ የተገፋ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። ፕላስቲኩ በምላጭ ተቀዶ ይወጣል። የሚያስቅ ምክር ይመስላል፤ ዘመቻ የተደረገበትን ቦታ በዓመቱ ቆፍሮ ያየ ሰው ግን አይስቅም፣ ከነፕላስቲኩ የተቀበረው ብዙ ነው።

ለደሴ ከፍታ ወይራና የሐበሻ ጥድ። ዋንዛ ወደ ኮምቦልቻ ይሻላል። ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከቤት ራቅ ይበል።

ችግኝ የሚሞተው በበጋው ነው፣ ከጥቅምት እስከ በልግ ዝናብ ድረስ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 4 ችግኝ ይድረሰው፣ ቁጥር ይጻፍበት፣ በየሁለት ሳምንቱ 5 ሊትር ውሃ፣ ሥሩ ላይ ገለባ። ፍየል ካለ ደግሞ ከሰፈሩ ሰው ጋር ስለ ክልከላ ሳትነጋገሩ አንድም አትትከሉ፤ እሾህ አጥር ለአንድ ወር ነው የሚያገለግለው፣ ከዚያ ለማገዶ ይወሰዳል።

ችግኙን ባትይዙት እንኳ ቦይ መጥረግን በግንቦት ያዙ። በደሴ ቁልቁለት የተደፈነ ቦይ ማለት ጎርፉ በሰው ደጃፍ ገባ ማለት ነው። ከቦይ የወጣ ደለልና ቆሻሻ ዳር ላይ ከተከመረ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያነሳበት መኪና ቀን ሳይቆረጥ አካፋ አታንሡ። የጎማ ቦትና ወፍራም ጓንት ግድ ነው፣ መርፌና ስባሪ ጠርሙስ አለ። የተከደነ ቱቦ ውስጥ ሰው አይግባ።


መልስ 5፦ ባለውሃልክ

የቀሩትን ሁለቱን ልመልስ።

የኪራዩ ቤት፦ ሳትጠይቁ እንዳትነኩት። ቤቱ ሲያምር ኪራዩ ይጨመራል ወይም ልቀቁ ይባላል፤ ያኔ የጠገናችሁት ለአከራዩ ነው። አከራዩን ከቅሬው ዳኛ ጋር አነጋግሩት። ቢያንስ ለሦስት ዓመት ሳያስወጣ፣ ኪራይም ሳይጨምር እንደሚቆይ በጽሑፍ ፈርሞ ሁለት ምስክር ካስፈረመ ጥሩ። ቆርቆሮውን እሱ ገዝቶ ጉልበቱን እናንተ ብትሰጡም ይሆናል። እምቢ ካለ ቤቱን ተዉት፤ ለሴትየዋ አልጋ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ውሃ መያዣ ግዙላቸው። ቢለቁ ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነው። የቀበሌ ቤት ቢሆን ኖሮ ፈቃዱ ከቀበሌው ነው፣ ያ ይቀላል።

ማደሪያው፦ ጣሪያ ለመለወጥ ሁለት ቀን ይበቃል፣ አንድ ቀን ለማውረድና ለእንጨቱ፣ አንድ ቀን ለቆርቆሮው። ሌሊቱን ቤቱ ክፍት እንዳያድር ትልቅ ላስቲክ ይኑራችሁ፤ ግንቦትም ቢሆን ድንገት ይዘንባል። እናታችን ጎረቤት ያድራሉ፣ የትኛው ጎረቤት የሚለውን እሳቸው ይምረጡ። ዕቃቸው ከመውጣቱ በፊት እሳቸው ባሉበት በወረቀት ይመዝገብና በቅሬው ድንኳን ሥር ይቀመጥ። ከሣጥን ሥር፣ ከፍራሽ ውስጥ የተቋጠረ ገንዘብ ይኖራል። ያንን ራሳቸው አስቀድመው እንዲያወጡ አንዲት የሚያምኗት ሴት ቀስ ብላ ትንገራቸው፣ በሰው ፊት አይሁን። ምድጃውንና የጀበና መደቡን ከነበረበት አታንቀሳቅሱ፤ ዓይናቸው የደከመ ሰው ቤቱን በእግሩ ነው የሚያውቀው።

ተማሪዎች እናግዝ ብለው መምጣታቸው አይቀርም። ውሃ ይቅዱ፣ ጭድ ያቀብሉ፣ የድሮ ሚስማር ከመሬት በማግኔት ይልቀሙ። መሰላል ላይ አንድም ተማሪ አይወጣም።

ግንቦት ላይ ፈተና ዝግጅት ስላለባችሁ አናጺውን አሁን ያዙት። ሰኔ ሲገባ ሁሉም ጣሪያ ትዝ ይለዋል፣ አናጺ አይገኝም፣ የቆርቆሮም ዋጋ ይወጣል።